በግራ ጆሮው ጠየቁት

ሰኞ፣ እንጅባራ

ንዴቴ አሁንም አልበረደም። አንድ ፖሊስ ታናሽ ወንድሜን ምንይችልን መናኸሪያው በር ላይ ከባጃጁ አውርዶ በጥፊ አጮለው። ጥፋቱ? የዳንግላ መኪና ለጠፋባቸው ሴትዮ በአዊኛ መንገድ አመላከተ፤ ተሳሳቁ። ፖሊሱ አዊኛ አያውቅም። "እኔን ነው የምትሰድበው" አለ። ያልገባው ቋንቋ ሁሉ ስድብ ይመስለዋል።

ማክሰኞ

የግራ ጆሮው ታምቡር ተቀዷል። የሐኪም ማስረጃ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው "እህቴ፣ በጥፊ ሰው ይከሰሳል?" አለኝ። ካልተከሰሰማ አንድ ላቅምስህ አልኩ፣ በሆዴ። አፌ ያለው "ይመዝገብልኝ" ብቻ ነው። መዘገበ።

ረቡዕ

የመታው ፖሊስ ሽማግሌ ላከብን! ፊት የመጡት የአባቴ ባልንጀራ አያ ደመላሽ ናቸው። ፖሊሱ ጋቢ ደርቦ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ቆመ። ሲመታ መለዮ፣ ሲለምን ጋቢ።

"አያ፣ እርስዎን አክብሬ ነው" አልኳቸው። "የመታው መንግሥት ሆኖ ነው። መለዮውን እንደለበሰ አለቃው ፊት ይጠየቅ።"

"አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ አይመለስም። የሰው እንጀራ አትዝጊ።"

የወንድሜስ እንጀራ? በአንድ ጆሮ ባጃጅ እንዴት ይነዳል? አባቴ አንገቱን ደፋ፤ በዕድሜው ሽማግሌ መልሶ አያውቅም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው አያ ወደ ምንይችል ጠጋ ብለው "ካልተስማማህ ተናገር ልጄ" አሉት። ዝም አለ። "ዝምታ እሺታ ነው" ብለው መረቁ። አሜን አለ! ጠላሁት። እራት እንኳ አላቀረብኩለትም።

ሐሙስ

ከጣቢያ ደወሉ። ታርቃችኋል፣ ምንይችል ነገ መጥቶ ይፈርምና ክሱ ይዘጋል። በዚሁ ተናድጄ "ለምን ዝም አልክ?" ብዬ ጮህኩበት።

"ምን ተጠየቅኩና?" አለኝ። "ሲመርቁ አይቼ አሜን አልኩ እንጂ።"

አያ የተቀመጡት በግራው በኩል ነበር።

ዐርብ

በጠዋት አያ ደመላሽ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። "ያልሰማ ሰው አልታረቀም" አሉ። ከዘራቸውን አንስተው ከእኔና ከምንይችል ጋር ጣቢያ ገቡ። አዛዡ ወንበር አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም።

"እርቁን እኔው አፍርሼዋለሁ። ፖሊሳችሁን እንደ ሕጋችሁ ጠይቁት" አሉት። አዛዡ "እናጣራለን" አለ። ይህን ቃል አላምነውም፤ ቢሆንም ክሱ አልተዘጋም።

ስንወጣ ፖሊሱ መለዮውን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ወደ ምንይችል ጎንበስ ብሎ አንድ ቃል ተናገረው፣ በግራው በኩል። እኔ ሰምቻለሁ። "እንገናኛለን" ነው ያለው።

መንገድ ላይ ምንይችል ፊቱ ፈካ ብሎ "ይቅርታ ጠየቀኝ እንዴ?" አለኝ።

እስካሁን አልመለስኩለትም።