ስሜነህ በጭንቅላቱ ያገባበት ዓመት

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ጧት

ካልሲዬ አልደረቀም። ትናንትም አልደረቀም ነበር። እርጥቡን አጠለቅሁት። ሜዳው ላይ ከብት አድሮበታል፤ ተንሸራትቼ በእጄ ተደገፍሁ፤ እጄን ማሽተት አልፈለግሁም። ቁርስ ፓስታ። ምሳም ፓስታ ይሆናል። ደብተሬ፣ ሁለተኛው ሊግ ማለት ይኸ ነው። በሬዲዮ ሲወራ ሌላ ነገር ይመስላል።

ቡድን መሪው አቶ ግርማው ካምፕ መጣ። ሽቶው ከሽንት ቤታችን ጠረን ጋር ሲቀላቀል ለብቻቸው ከነበሩበት ይብሳል። ዘንድሮ ከወረድን ፍኖተ ሰላም ፊታችንን ማየት አትፈልግም አለን። አምናም ይኸንኑ ብሎ ነበር። እኔን ለይቶ ትከሻዬን መታ አደረገ። አምበል ነኝ፤ አምበል ማለት ትከሻው የሚመታ ተከላካይ ነው።

አልጋዬ አጠገብ የሚተኛው ስሜነህ ነው። አጥቂ። የሽንዲ ልጅ፣ አባቱ ቄስ፣ ድቁናውን ትቶ የመጣ። በእግሩ ብዙም አይደል። ከማዕዘን የምትሻገር ኳስ ግን ጭንቅላቱን ፈልጋ ነው የምትመጣው። ጧት ጧት ዳዊቱን ይደግማል። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እሰማዋለሁ። ከዚህ ቤት የማልጸየፈው ድምፅ እሱ ብቻ ነው።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ማታ

አሸነፍን። አንድ ለባዶ። ስሜነህ፣ በጭንቅላቱ።

ከዚያ በፊት የሆነውን ልጻፍ። እሱና የእንግዶቹ ተከላካይ አየር ላይ ራስ ለራስ ተጋጩ። መሀል ሜዳ ሆኜ ድምፁን ሰማሁት፤ ዱባ ከቆጥ እንደ ወደቀ። ስሜነህ በጀርባው ወደቀ፣ አንድ እጁ ሰማይ ሰማይ እንዳየ ተገትሮ ቀረ። ወጌሻችን ጋሽ ምትኩ ሮጦ ሄዶ ያችን የማትታጠብ ጀሪካን አናቱ ላይ ደፋበት፣ ጉንጩን መታ መታ አደረገ፣ ለዳኛው ደህና ነው አለ። ደህና አልነበረም። ተነሥቶ ወደ እኔ መጣና የመጀመሪያው አጋማሽ ነው ወይስ ሁለተኛው ብሎ ጠየቀኝ። ለአሰልጣኙ በእጄ ቀይረው የሚል ምልክት ሰጠሁ። አየኝ። ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ከዚያ ጎሏ ገባች። ከተማው አበደ።

አሁን ካምፕ ነን። ስሜነህ ሳፋው እስኪሞላ አስመለሰ። ሳፋውን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ውጭ በመኪና ጥሩምባ እየነፉ ስሙን ይጠራሉ። ጎሏን አያስታውሳትም። አንድ በአንድ ነገርሁት። የሌላ ሰው ወሬ እንደሚሰማ ሰው አደመጠኝ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ለአሰልጣኙ ነገርሁት። ራሱን የማያመው ተጫዋች ካለ አሳየኝ አለኝ። እያወራሁት ጥርሱን በክብሪት እንጨት ጎረጎረ፣ የወጣውን አየ፣ መልሶ አፉ ውስጥ ከተተው። እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር ነው ስለ ጤና የምነጋገረው።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ስሜነህ ተሽሎታል። ይሮጣል፣ ይስቃል። መብራቱን ግን አጥፋልኝ ይላል። ዳዊቱንም ትቷል፤ ፊደሎቹ ይዋኙብኛል አለኝ። ያለ እሱ ጧቱ ባዶ ነው። የሚሰማው ማንኮራፋት ብቻ።

እሑድ ከሜዳችን ውጭ ተጫወትን። መንገድ ተዘግቶ ዱርቤቴ ላይ ቁመን ዋልን፤ በረኛችን አውቶቡሱ ውስጥ ጫማውን አውልቆ ዋለ። ያ አንሶ፣ ሜዳ ስንገባ ከደጋፊው የላስቲክ ጠርሙስ ተወረወረ። አንገቴ ላይ ፈሰሰ። ውኃ መስሎኝ ነበር። ሞቅ ሲለኝ ገባኝ። አቻ ወጣን። ሦስት ጊዜ ታጠብሁ፤ አሁንም የሚሸተኝ ይመስለኛል።

ጥር 18፣ ሰኞ

የጥምቀት እረፍት አለቀ። ትናንት ቡሬ ላይ የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን። ወዳጅነት ይሉታል። ስሜነህ በክርን ጆሮ ግንዱን ተመታ። ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ ኳስ አገኘና መግፋት ጀመረ፣ ወደ ራሳችን ጎል። አንድ አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ እኔ ዘንድ ደረሰ። እያየኝ እኔን ለማለፍ ሞከረ። ኳሷን ቀማሁት። ፊቱን ብታይው፣ ደብተሬ። ወንድሙ ኪሱ ሲገባበት የያዘው ሰው ይመስል ነበር።

ሜዳው ሙሉ ሳቀ። ማታ ቪዲዮው ሙዚቃ ገብቶበት በየስልኩ ይዞራል። የራሳችን ልጆች ምግብ ቤት ተቀምጠው ደጋግመው ያዩታል። ፓስታ በአፋቸው ሞልቶ ይስቃሉ። ሰሐኔን ትቼ ወጣሁ።

ዛሬ ጧት ለማንም ሳልናገር ቡሬ ክሊኒክ ወሰድሁት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ያወራል። ዓይኑን በባትሪ አየ፣ በአንድ እግሩ አቆመው፤ ስሜነህ እንደ ሰከረ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ሐኪሙ ኳስ ያቁም አለን። ባ/ዳር ሄዶ ራሱን በመሣሪያ ይታይ፣ ሳይታይ አንዲት ኳስ በጭንቅላቱ እንዳይነካ። ስሜነህ እሺ አለ። በር ላይ ስንደርስ ቲሸርቴን ያዘኝ።

ለማንም እንዳትናገር አለኝ። ከላይኛው ሊግ አንድ ክለብ ሊያየው ሰው ይልካል መባሉን ሰምቷል።

“ራስህስ?” አልሁት።

“ራሴማ ነው የሚያወጣኝ። እግሬን ማን ይፈልገዋል?”

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ዝም ማለት አልቻልሁም። ለአቶ ግርማው ነገርሁት። ሐኪም ኳስ አያውቅም አለኝ። ቀጥሎ ሳቀ፣ ጠጋ አለኝ፦ ልጁ ወደ ሌላ ክለብ ሊሄድ ስለሆነ የታመመ መስሎ የምንሸጥበትን ዋጋ ሊጥል ነው፣ አንተ የዋህ ነህ። የሽቶው ጠረን ሸሚዜ ላይ ቀረ።

ስሜነህ መናገሬን አወቀ። አልጋውን ጎትቶ ወደ መስኮቱ ወሰደ። አያናግረኝም። እኔም ተናደድሁበት። እሱንም፣ ይኸን ካምፕም፣ ራሴንም። ያየው ዘንድ ይመጣል የተባለው ሰው እስካሁን የለም። የሚመጣም አይመስለኝም። ስሙን እንኳ የሚያውቅ የለም። ወሬውን ያስነሣው፣ ልጁ ታሞም እንዲጫወትለት፣ አቶ ግርማው ራሱ ይመስለኛል።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

የስሜነህ አባት ከሽንዲ መጡ። ቄስ ታፈረ። ቀጭን፣ ጥምጥማቸው ነጭ፣ አቧራ ያልነካው። በዚያ መንገድ እንዴት እንደ መጡ እንጃ። አቶ ግርማው ሆቴሉ ወሰዳቸው፣ እኔንም ጠራኝ። ዐቢይ ጾም ነው፤ ቄሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። እሱ ፊት ለፊታቸው ሽሮውን እያንቦጨቦጨ በላ። ከንፈሩ ዘይት ነው። በዘይታም እጁ ማልያ አወጣና ስጦታ ነው አባ፣ የልጅዎ ቁጥር ነው፣ ዐሥራ አንድ፣ አላቸው።

ቄሱ ማልያውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጀርባውን አዩት።

“ቁጥሩ ዐሥራ አንድ ነው አሉኝ” አሉ በቀስታ። “እኔ የሰጠኋችሁ ጊዜ አንድ ነበር።”

አቶ ግርማው ሳቀ። ጨዋታ መሰለው። አንድ ልጃቸው መሆኑን እንኳ አያውቅም።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሄዱ ሄዱና ቆሙ።

“ልጄ፣ ትናንት በስልክ ሳወራው የእናቱን ስም ጠየቀኝ። ቀልድ ነው ብዬ ሳቅሁ። ቀልድ ነው?”

“አይደለም አባቴ።”

ሁሉንም ነገርኋቸው። ሳፋውን፣ ቡሬን፣ ሐኪሙን። አላቋረጡኝም። ተመልሰው ካምፕ ሄዱና ስሜነህን እንሂድ አሉት። ስሜነህ እግራቸውን ሳመ፣ ውድድሩ ሲያልቅ እመጣለሁ አለ። ትልቅ ሰው ነው፤ አስረው አይወስዱት። ወደ እኔ ዞረው አደራህን አሉኝ። ማልያውን ትራሴ ላይ ትተውት ሄዱ።

ሚያዝያ 26፣ ሰኞ

ትናንት ስሜነህ እንደገና ተመታ። ከበረኛ ጋር ተጋጭቶ። ራሱን። ተሸንፈናል፤ ከወራጆቹ በላይ የምንቆየው በመጨረሻው ጨዋታ ካሸነፍን ብቻ ነው። አሰልጣኙ መልበሻ ክፍል ውስጥ ምራቁን እየተፋ ሰደበን፤ ምራቁ ጫማዬ ላይ አረፈ። አልጠረገውም። እኔም ይቅርታ አልጠበቅሁም።

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ

ስሜነህ የሻይ ብርጭቆ ከግራ እጁ ወደቀበት። አነሣ፣ ደግሞ ወደቀ። ብርጭቆውን ሰደበው። ለአሰልጣኙ ተናገርሁ፣ ለጋሽ ምትኩ ተናገርሁ። ጋሽ ምትኩ አዘነ፣ የእውነት አዘነ፤ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ አለ። እውነቱን ነው። ግን እሱም ጀሪካኑን ይዞ መሮጡን አላቆመም።

ግንቦት 10፣ ሰኞ፣ ባ/ዳር

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ትናንት 9 ሰዓት ጨዋታው ነበር። ሜዳው ሞልቶ ዛፍ ላይ ሰው አለ። አሰልጣኙ ስም ጠራ፤ ስሜነህ ቋሚ። መልበሻ ክፍሉ የመድኃኒት ቅባትና የላብ ጠረን ነው። ስሜነህ ከጎኔ ተቀምጦ ጫማ ያደርጋል። አየሁት፤ የቀኙን ጫማ ግራ እግሩ ላይ ነው የሚታገለው። ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ተነሣ፣ ዝግጁ ነኝ አለ። የግራ ዓይኑ ብሌን ከቀኙ ሰፍቶ ነበር።

ተንበርክኬ ጫማውን ከእግሩ ፈታሁት።

“ይኸ ልጅ አይገባም” አልሁ።

አሰልጣኙ፦ “ዝርዝሩ ተሰጥቷል።”

“እሱ ከገባ እኔ አልገባም።”

አቶ ግርማው በር ላይ ነበር። መጣና አንገቴ ድረስ ተጠጋኝ።

“ከተማው ይበላሃል። ዛሬ ከወረድን ያወረድኸው አንተ ነህ።”

“ይሁን” አልሁት።

የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዴ አወጣሁት። የሚቀበለኝ ስላልነበረ አግዳሚው ላይ አኖርሁት። ስሜነህን በብብቱ ያዝሁ፣ በጓሮ በር ወጣን። ባጃጅ፣ መናኸሪያ፣ ሚኒባስ። ሜዳው ሲጮህ መንገድ ላይ ይሰማን ነበር። ስሜነህ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ተሳደበ፣ ሊወርድ ሞከረ። ቡሬን ስናልፍ እንቅልፍ ወሰደው። እንዳይተኛ እየቀሰቀስሁ፣ እያስወራሁ ሄድሁ። ዱርቤቴ ላይ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ። ሁለት ለባዶ ተሸንፈናል። ወርደናል። አንዲት ሴትዮ ምነው ልጄ ታለቅሳለህ አለችኝ። ማልቀሴን አላወቅሁም ነበር።

ሐኪሞቹ በመሣሪያ አዩት። ከራስ ቅሉና ከአንጎሉ መካከል ደም ተጠራቅሟል። አንዲት ምት ብትጨመርበት ኖሮ እዚያው ሜዳ ላይ ይቀር ነበር አሉኝ። ዛሬ ጧት ወደ ቀዶ ጥገና አስገቡት። ለአባቱ ደወልሁ። መንገድ ላይ ናቸው።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

ከቀዶ ጥገናው በደህና ወጣ። ራሱን ላጭተውታል፣ በፋሻ ጠምጥመውታል። ያውቀኛል። የግራ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ ያንቀሳቅሳል፣ እንደ ሕፃን ይደነቅባቸዋል። ኳስ አበቃለት ሲሉት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በኋላ ዞረና አጽናናኝ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ምን አለኝ፦ “ይቅር የምልህ አይምሰልህ። ገና ነኝ።” እሺ አልሁት። ደስ አለኝ። እንደዚያ ለመናደድ የዳነ ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ቄስ ታፈረ ግንባሬን በመስቀላቸው ዳሰሱ። ስለ ክለቡ ምንም አልጠየቁ።

ግንቦት 20፣ ሐሙስ፣ ፍ/ሰላም

ዕቃዬን ልወስድ መጣሁ። ፍራሼ ካምፑ ጓሮ ተጥሏል፤ ዝናብ ጠጥቷል፣ አንድ ሰው ሸንቶበታል። ሠፈር ውስጥ ሰላምታ ነሡኝ። የማውቀው ፀጉር ቆራጭ ምላጩን አስቀምጦ ተራ የለም አለኝ። ወንበሩ ባዶ ነበር።

አቶ ግርማው አስጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ። እሑድ አዳራሽ ውስጥ የደጋፊ ስብሰባ አለ፤ ሕዝቡ ተቆጥቷል፣ እሱንም ይጠይቁታል። መፍትሔ አለው። ተነሥቼ፣ ስሜነህ ራሱ አልጫወትም ብሎ ነው፣ ቤተሰቦቹም ከልክለውት ነው፣ እኔም ተሳስቼ ተከትዬው ወጣሁ ብል ሁሉም ይበርዳል። ለሚቀጥለው ዓመት ም/አሰልጣኝ ያደርገኛል። ለልጁ ምን ይጎዳዋል፣ እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ አይጫወትም፣ አለኝ። ይኸን ሲል ስኳሩን እያማሰለ ነበር። ማንኪያውን ላሰ።

ሻዩን አልጠጣሁም። እመጣለሁ አልሁት። ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እሄዳለሁ። ጋሽ ምትኩን አግኝቼዋለሁ፤ ከጎኔ ይቆማል፣ እንደማያፈገፍግ ማለልኝ፤ አላምነውም፣ ግን ጠየቅሁት። የቡሬው ሐኪምም በስልክ እመጣለሁ ብሏል። ኳስ ከዚህ ወዲያ አልጫወትም፣ ይኸን ዛሬ ወስኛለሁ፤ የሚያስፈራሩኝበት ነገር ስለማይኖር ቀላል ነው። እሑድ ማይኩን ሲሰጡኝ ከኅዳር ነው የምጀምረው፣ ከሳፋው። ሰው ሁሉ ጎሏን ያስታውሳል። እኔ ግን መጀመሪያ የምላቸው ይኸን ነው፦ ያገባት ልጅ አያስታውሳትም።