በሐጋ ነፋስ ባሕሩን ለከፈቱልን ክቡር ልዩ መልዕክተኛ

ለተከበሩ የጠረፍ አገሮች የዓሣ ሀብት ጉባኤ ልዩ መልዕክተኛ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? የዓሣ ማስገር ስምምነቱ ከተፈረመ ወዲህ በየአገሩ ለጭብጨባ ብድግ ቁጭ ሲሉ ወገብዎን እንዳያምዎት እየሰጋሁ፣ እኔ ዳሃቦ ጌሌ፣ በኤይል ጠረፍ ዓሣ በጨው አድርቄ የምሸጥ ሴት፣ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ። ሊያማክሩን የመጡት በሐጋ ወራት፣ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ባሕሩን በሚገለብጥበትና ከአያቶቻችን ጀምሮ ጀልባዎቻችንን አሸዋ ላይ ጎትተን መረብ በምንጠግንበት ጊዜ ነበር። ባለሙያዎችዎ በጀልባዎቹ መካከል ተዘዋውረው፣ ፎቶግራፍ አንስተው፣ ሲመለሱ «ኅብረተሰቡ በእነዚህ ወራት ሥራ ፈት ነው» ብለው ዘገቡልን። ሽማግሌያችን አው ሺሬ የአንዱ ባለሙያ ጃንጥላ ተገልብጦ ወደ ገደሉ ሲበር አይቶ «ልጄ፣ ጃንጥላህን መያዝ አቅቶህ እኛን ባሕር ልትልከን ነው እንዴ?» ብሎት ነበር። ይህች በዘገባው አልገባችም፤ ምናልባት ቦታ ጠቦ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሥራ ፈትነታችን አንጀትዎን ቢበላው ስላገኙልን መፍትሔ። በስምምነቱ መሠረት ባሕሩ ጸጥ በሚልባቸው ወራት ዓሣው እንዲራባ ማስገር ተከልክሏል፤ በሐጋ ግን ተፈቅዷል። ዓሣ ማረፍ እንዳለበት እኛም እናውቃለን። እስከ ዛሬ ሲያርፍ የኖረው ጀልባዎቻችን አሸዋ ላይ በሚተኙበት በዚያው በሐጋ ነበር። እርስዎ ግን የእሱን ዕረፍት ወደ ሥራችን ወራት፣ የእኛን ሥራ ወደ ማዕበሉ አዛወሩት።

ሦስተኛ፣ ስለ እኩልነቱ። ሕጉ ትልቅ ትንሽ ሳይል ለሁሉም አንድ ነው ብለዋል፤ እውነት ነው፤ ከሩቅ አገር የሚመጡት ግዙፍ መርከቦችም እንደ እኛው የሚያሰግሩት በሐጋ ብቻ ነው። ነፋሱ እነሱን ያወዛውዛቸዋል፣ እኛን ይደፋናል፤ ለእንዲህ ያለች ትንሽ ልዩነት የክቡርነትዎን ጊዜ ማባከን ነውር ነው።

አራተኛውን በጨዋ ቋንቋ መጻፍ አቅቶኛል። ታናሽ ወንድሜ ሮብሌ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ጊዜ ሁሉ ሕግ አክብሮ ቤቱ ተቀመጠ። ልጆቹ ደረቅ ሩዝ ብቻ ሲበሉ ከረሙ። አሁን ሐጋ ገብቷል፣ ባሕሩም በአዋጅ ተከፍቷል፤ እሱ ጀልባውን ወደ ውኃው እያስጠጋ ነው። ብለምነው፣ ባለቅስበት፣ «እህት ዓለም፣ ስንችል ተከለከልን፤ ሲፈቀድልን ደግሞ አንቺ አትሂድ ትይኛለሽ። ታዲያ መቼ ልሂድ?» አለኝ። እፈራለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ እናደዳለሁም።

ከነፋሱ ጩኸት የተነሣ ጭብጨባዎ ያልተሰማት፣
አክብሮቷ ግን ቅንጣት ያልጎደለ፣
ዳሃቦ ጌሌ፣ ከኤይል ጠረፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወራቱን ማስተካከል ሌላ ጉባኤ፣ ሌላ ሆቴል፣ ሌላ ፊርማ እንደሚጠይቅ ይገባኛል። ስለዚህ ቀለል ያለውን ልለምንዎ፦ ትንንሽ ጀልባዎች በሐጋም እንዳይወጡ ዛሬውኑ ይከልክሉልን። ያኔ ባሕሩ ለእኛ ዓመቱን ሙሉ ዝግ ይሆናል፤ ስምምነትዎም አንዳች ሳይጎድለው ይፈጸማል። ሮብሌ የእኔን ልመና ባይሰማ የእርስዎን ክልከላ ይሰማል። ዓሣው ይቅርብን፤ ወንድሜን ይተዉልኝ።