የጠዋቷ ጠብታ

መጋቢት 4፣ ከጠዋቱ 1፡30

የዓይን ጠብታዋን አነሳሁ፣ ነቀነቅኋት፣ መልሼ ከሰዓት ዘይቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ጾም ነው። ዓይን ውስጥ ብትገባም ጉሮሮ ድረስ ወርዳ ትመርራለች። ጉሮሮዬን መድኃኒት ካለፈው ጾሜ ፈረሰ ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት፣ የሰዓት ጥገናን ራሴ እንደተማርኩት። ስለዚህ ደብተሬ፣ እንደ ሌላው ጾም ሁሉ የጠዋቷ ትቀራለች፣ የማታዋን አደርጋለሁ። ለእህቴ ልጅ ለዶ/ር ሰናይት እንዳትነግርብኝ።

የደ/ብርሃን ብርድ ዛሬ ጉድ ነው። መፍቻው ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ።

መጋቢት 7፣ 5 ሰዓት

የሴት የእጅ ሰዓት ፈታሁ። ከሰሊጥ የምታንስ ብሎን አየሁ፣ አነሳሁ፣ ቦታዋ መለስኩ። ማነው ዓይኑ ደከመ የሚለኝ?

ኩራቴ ከሱቁ በር አላለፈም። ስወጣ ከጎን የቆመ ብስክሌት ጥዬ አብሬው ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ጎረቤቴ ወ/ሮ አስካለ ደግሞ አኩርፋለች። ትናንት ሰላም ሳልላት በአጠገቧ አልፌያለሁ። አላየኋትማ! ያቺን የምታህል ሴት። ቆንጆ ሳይ ስለማፍር ነው አልኳት። ሳቀች።

እኔ ቤቴ ገብቼ አልሳቅሁም።

መጋቢት 11፣ ሰኞ፣ አ/አበባ፣ 8 ሰዓት

ቀጠሮዬ ነበር። ንጋት ላይ ጠብታዋን አደረግሁ። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው በሽተኛ ነው፣ ለበሽተኛ ደግሞ ይፈቀዳል። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። በየቀጠሮው እንዲሁ ነው የማደርገው።

ሰናይት የዓይን ሐኪም መሆኗ አልበቃ ብሏት በግላኮማ ተጨማሪ ሥልጠና ላይ ናት። ጓደኛዋ ደግሞ በኮርኒያ። ልዩነታችሁ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። እሱ ከፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ እሷ የዓይን ግፊት የሚጎዳውን ነርቭ። ገባኝ፦ እሱ የሰዓቱን መስታወት ይቀይራል፣ እሷ ሞተሩን።

"የእኔ አይቀየርም፣ ጋሼ" አለች። የሞተ ነርቭ አይመለስም ማለቷ ነው። 

ግፊቱ ተለካ። ጥሩ። ቀጥሎ ያ ብርሃን ብልጭ ሲል ቁልፍ የሚጫኑበት ማሽን። ከጎን ያለውን አላየሁም። ካለፈው ጊዜ ብሷል። ሰናይት የዛሬውንና ያለፈውን ወረቀት ጎን ለጎን ይዛ ታስተያያለች። ግፊቱ ደህና ከሆነ ዓይኑ ለምን ይጠፋል? ግራ ገብቷታል።

እኔ ግራ አልገባኝም፣ ደብተሬ። የተለካው ጠብታዋ ግፊቱን ያወረደችበት ጠዋት ብቻ ነው።

መጋቢት 12፣ ማታ፣ ቤቴ

ዓርብ 3 ሰዓት ላይ በአስተማሪዎቿ ፊት የእኔን ሕመም ታቀርባለች። ጠብታው አልበቃውም፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ልትል። የምትቀደኝ ራሷ ናት፣ አስተማሪዋ አጠገቧ ቆመው። ጠዋት ሳልመለስ የጻፈችውን አሳየችኝ። በራሴ በለቃቀምኩት እንግሊዝኛ አነበብኩት፦ በሽተኛው መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስዳል።

ማን ነገረሽ? አልኳት።

"አንተ ነሃ፣ ጋሼ! በሁሉ ብትቀልድ በዓይንህ አትቀልድም።"

እስከ ደ/ብርሃን ድረስ መኪና ውስጥ አንድ ሰው አላሳቅሁም።

መጋቢት 14፣ 10 ሰዓት

የንስሐ አባቴ ሰዓታቸውን ሊያሠሩ መጡ። አንድ የማውቀው ሰው አለ ብዬ ጀመርኩ። ጠብታው ጾም ይፈታብኛል ብሎ ጠዋት ጠዋት የሚተው።

"ሞኝ ነው" አሉ። "እኔን ቢጠይቀኝ አልፈቅድለትም ነበር? ደግሞስ የዓይን መድኃኒት መቼ ምግብ ሆነ? ለምን አልጠየቀም?"

ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው አልኳቸው። ሁሉን በራሱ ያወቀ የሚመስለው።

ሰዓታቸውን ሠርቼ ሰጠኋቸው። በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ "ለሰውየው ንገረው፣ ነገ ጠዋት ያድርግ" አሉ። እየሳቁብኝ ነበር።

መጋቢት 15፣ ዓርብ፣ 2፡10

አደረግኋት። መረረች። ይኸው ነው።

ለሦስት ሰዓት ሃምሳ ደቂቃ ይቀራል። ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ያቺ ልጅ፣ ጠብታ ሊያቆየው ይችል የነበረን ዓይን፣ በእኔ ውሸት ልትቀድ ነው። አስተማሪዎቿ ፊት በስሜ እየማለች። እውነቱን ካወቀች በኋላም ልቅደደው ካለች ትቅደደው፣ ያኔ ተኝቼ እሰጣታለሁ።

ደወልኩ። ወረቀቱን ከማንበብሽ በፊት አንዱን መስመር ሰርዢ፣ መድኃኒቱን አልወስድም ነበር አልኳት። በሳቅ ፈረሰች። "ጋሼ ደግሞ! ዛሬ እንኳ ተወኝ፣ ልቤ እየመታ ነው።"

ቀልድ አይደለም፣ ሰናይት።

አሁንም ሳቀች። የስንት ዓመት ቀልዴ ዛሬ መጣብኝ። የጾሙን፣ የምሬቱን፣ የቀጠሮውን ቀን ተንኮሌን አንድ በአንድ ነገርኳት። የተውኩትን ጠዋት ሁሉ።

ሳቋ ቆመ። ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ክፍት ነው፣ እኔ እየጻፍኩ ነው። ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል። እስክሪብቶ እየጠየቀች ነው፣ እዚያ ካሉት አንዱን። አሁን "ጋሼ" አለችኝ፣ "ከመጀመሪያው ጀምር፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ ነው?" ደብተሬ፣ ልዝጋህ፣ ልመልስላት።