ለሟች ወንድሜ በየሰኞው ስለምትልኩት ማሳሰቢያ

ለተከበራችሁ የኦፕን ሶርስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የፓኬጅ ገምጋሚ ኮሚቴ አባላት፤

ጤናችሁ እንደ ትዕግሥታችሁ የማያልቅ፣ ወንበራችሁም የማይጎረብጣችሁ ይሁን እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የሟቹ ፕሮግራመር ታላቅ እህት ነኝ፤ ሟች ማለቴን እባካችሁ ልብ በሉልኝ፣ እስከ ዛሬ በላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ይህች ቃል ከዓይናችሁ ተሰውራ ቆይታለችና።

ወንድሜ የጻፈው ቀለል ያለ የቼክሰም ላይብረሪ ነው፤ አንድ ፋይል ከላኪ ወደ ተቀባይ ሲሄድ አንዲት ፊደል ብትቀየርበት ወዲያው የሚያሳብቅ። ከሲስተማችሁ ጋር እንዲታደል ፓኬጅ አድርጎ አቀረበላችሁ፤ ከዚያ ሆስፒታል ገባ፣ አልተመለሰም። ሥራውን በእኔ ስም እንድትቀበሉት፣ ካልሆነም ማመልከቻውን እንድትዘጉት ለመንኳችሁ። እናንተ ግን ደንብ አክባሪዎች ናችሁና፣ አቅራቢው ራሱ ካላረጋገጠ አይሆንም አላችሁኝ። ደንብ ከሆነ እንግዲህ ምን ይደረጋል!

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ማለቴ እንደ ድፍረት ካልተቆጠረብኝ፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ለእርሱ የምትልኩት ማሳሰቢያ ነው። ኮምፒውተሩ ክፍሉ ውስጥ እንደበራ ነው፤ እናታችን ሲመጣ ጠፍቶ ካገኘው ይከፋዋል ብላ እንዳናጠፋው ከልክላናለች፣ የይለፍ ቃሉንም እርሱ ይዞት ሄዷል። መልእክታችሁ ሲገባ ደወል ያሰማል። እናቴ የያዘችውን ትጥልና ሮጣ ሄዳ በሩን በቀስታ ታንኳኳለች። የባዶ ክፍል በር ታንኳኳለች፣ ጉድ እኮ ነው! አንድ ሰኞ ልመልሳት ሄጄ፣ ከውስጥ ወንበሩ ሲንሲያጠጥ የሰማሁ መሰለኝና ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ ወዲህ እኔም ሰኞን እፈራለሁ።

ሁለተኛው፣ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በኢሜይሉ ላይ «ለጊዜው የለሁም፤ በቅርቡ ተመልሼ እጨርሰዋለሁ» የሚል፣ በራሱ የሚላክ መልስ አስቀምጦ ነበር። ለእያንዳንዱ ማሳሰቢያችሁ ይኸው መልስ ይደርሳችኋል። አንዲት ፊደል ስትለወጥ የሚጮኸውን ፕሮግራም መስመር በመስመር የመረመራችሁ ሊቃውንት፣ የጻፈው ሰው ሲጎድል ምንም ሳይታወቃችሁ መቅረቱን ሳስብ ለጥንቃቄያችሁ ያለኝ አክብሮት እጅግ ይጨምራል።

እንግዲህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ማመልከቻውን ዝጉልኝ። ሥራው ከቀረም ይቅር። እናቴ እርሟን ታውጣ፣ እኔም ወንድሜን እንደ ሰው ላልቅሰው።

በደንባችሁ ፊት እጅ የምትነሳው፣ ሕያው መሆኗን በማንኛውም ጊዜ ለማረጋገጥ ዝግጁ የሆነችው፣
እህቱ

ተጨማሪ፦ ይህን ልልክ ስል ለቀደመው ደብዳቤዬ ምላሻችሁ ደረሰኝ፤ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። «አቅራቢው በቅርቡ እንደሚመለሱ ስለገለጹልን፣ ማመልከቻው እስኪመጡ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል» ይላል። ንዴቴ ቀድሞኝ ጮክ ብዬ ሳነበው እናቴ ሰማች። «አየሽ? ትልልቆቹም ይመጣል እያሉ ነው» አለችኝና፣ የአልጋውን አንሶላ ልትቀይርለት ገባች።