መርዶህን የነገራት ስልክ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እኛ አለን። የቤቱን ቆርቆሮ አስቀይረናል። የጓሮውን ጎመን እማዬ እንደ ልቧ አጣምማ ትተክለዋለች፤ መስመሩ ተበላሸ ብሎ የሚቆጣት የለም። ናፍቀኸናል።

በሰፈራችን መርዶ ሲኖር የሚጠራው አንተ ነበርክ። ጎህ ሲቀድ ጋቢህን ደርበህ ትወጣለህ። ሐዘንተኛው ማታ እህል ቀምሶ እንዲያድር ታደርጋለህ፣ ልበ ጠንካራ ዘመድ አጠገቡ ታስቀምጣለህ፣ ሕፃን ያዘለች ከሆነች ልጇን ቀድመህ ከጀርባዋ ታስወርዳለህ። ሞትን ደብቀህ አታውቅም፤ ማንም ላይ ግን ዱብ ዕዳ አላደረግኸውም።

ያንተን መርዶ ስልክ ቀደመን። የተሳፈርክበት መኪና ደጀን ላይ ተገልብጦ ሕይወትህ ሲያልፍ፣ አንድ መንገደኛ ፎቶህን አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ማልደው እህቴ ትርንጎ ከምታስተምርበት ከሮብ ገበያ ሲደርሱ፣ እሷ ብቻዋን አይታው አድራለች። እንደ ወጉ አረዷት። እንባ እምቢ አላት፤ ሰውም አባቷን አትወደውም ነበር ብሎ አማት። ያኔ አንጀቴ አረረ፣ ዛሬም እንዳረረ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ያንን አደጋ እኔው ራሴ በወጉ ፌስቡክ ላይ ጻፍኩት። ፎቶ አላወጣሁም። ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጽሑፉ ስለ መኪና አደጋና ስለ አባት ሞት መሆኑን፣ ሐዘን ያለበት ሰው አጠገቡ ሰው ሲኖር እንዲከፍተው፣ ካልቻለም እንዲያልፈው ተናገርኩ። አዋቂን እንደ ሕፃን ታባብያለሽ ብለው የሳቁብኝ አሉ። ይሳቁ! ሐዘንተኛን አስቀምጦ መናገር ወጋችን ነው፤ ትናንት ከስልክ ጋር አልመጣም። ለተራ ወሬ ሁሉ ማስጠንቀቂያ አልለጥፍም፣ እንዲያማ ከሆነ ማንም ልብ አይለውም። ለሚያቆስለው ግን አልተወውም።

ትርንጎ የመጀመሪያዋን መስመር አይታ ስልኳን ዘጋችው። ቅዳሜ ከሮብ ገበያ መጣች፣ እማዬን ከጓሮ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችና ጽሑፉን ከፈተችው።

አልረሳህም አባዬ። እስካለሁ ድረስ ስለ ሞት ስጽፍ አንተ ለመርዶ ሰው ቤት እንደምትገባው ቀስ ብዬ እገባለሁ። ትርንጎም አትረሳህም፤ ያን ቅዳሜ እማዬ ደግፋት፣ ጎረቤት እስኪሰማ አለቀሰችልህ።

ልጅህ