አባትህ የሚያጠናቸው ቃላት

ይድረስ ለሩቁ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል።

አባትህ እንግሊዝኛ እያጠና ነው ብልህ ትስቃለህ። ፋብሪካው ውስጥ «ዲክሽነሪው» የሚሉት ሰው፣ ለስንቱ የቦይለር ሠራተኛ «ፕሬዠር ግፊት ነው፣ ስቲም እንፋሎት ነው» እያለ ያስተማረ፣ አሁን የእህትህን የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ከራሱ አፍ የለመድኩትን መልሼ ለራሱ! ትናንት «ፕሬዠር ምንድን ነው?» ስለው ገጹን ወዲያና ወዲህ ገለበጠ። ቆይቶ «እኔን ልትፈትኚኝ ነው?» ብሎ መጽሐፉን ወረወረው። አባትህ መጽሐፍ ሲወረውር አይተህ ታውቃለህ?

ባለፈው ሳምንት የቦይለሩ ደወል ሲጮህ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ቀረ አሉ። የፈረቃ ጓደኛው ሮጦ እንፋሎቱን ባያስተነፍሰው ኖሮ… ተወው። አለቃው «ድካም ነው» አለ፤ እኔም ድካም ነው ብያለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ብቻውን ፈረቃ ይገባል።

ጓደኛው ደግ ነው፤ በየቁልፉና በየቫልቩ ላይ ትርጉሙን ጽፎ ለጠፈለት። ሐሳቡን ወደድኩትና እኔም ቤቱን ሞላሁት፤ «መብራት»፣ «መታጠቢያ ቤት»፣ «የውጭ በር»። ጎረቤታችን «ሱቅ ከፈታችሁ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ።

በል ልጄ፣ ክፉ አይንካህ፤ መምጫህንም አታርቀው። ፎቶህን ከግድግዳው አውርጄ ወልውዬዋለሁ። ከሥሩ «ልጅህ ነው» ብዬ ለጥፌበታለሁ።

እናትህ