ጥሩምባ የተነፋላቸው ጴንጤ፦ የወይዘሮ ሸዋሉል ፈንታ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሸዋሉል ፈንታ ከአባታቸው ከአቶ ፈንታ ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገኘሁሽ አበጋዝ በኅዳር 1954 ዓ.ም. በወሎ ደላንታ ተወለዱ። በ1971 ዓ.ም. ከአቶ ሙሉጌታ ካሳው ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ድርቁ በጠናበት በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ወደ አሶሳ መጡ። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ሲሆን፣ ማሽላና ለውዝ እያመረቱ፣ ማንጎ እየሸጡ ልጆቻቸውን አስተምረዋል።

በ1986 ዓ.ም. በጽኑ ታመው ሳለ ከቤጊ የመጡ አማኞች ጸልየውላቸው ዳኑ፤ ጌታንም ተቀበሉ። መንደሩ “ሸዋሉል ጴነጠች” አለ። ያን ጊዜ ጴንጤ ማለት ስድብ ነበር፤ የእናት የአባቱን የተወ፣ ሙሾ የማያወርድ፣ ቀባሪ የሌለው ማለት ነበር። ከእድሩም ተሰረዙ። ከእድር ለወጣ ሰው ጥሩምባ አይነፋለትም፤ ጥሩምባ ካልተነፋ ደግሞ አስከሬን የሚሸከም አይወጣም። ልጃቸው ፍሬሕይወት ይህን እያሰበች “እማዬ፣ ማን ሊቀብርሽ ነው?” ስትላቸው፣ “እኔ ልቅበር እንጂ፣ የሚቀብረኝን እሱ ያውቃል” ይሏት ነበር።

እንዳሉትም አደረጉ። ለክርስቲያንም ለሙስሊምም ለቅሶ የውኃ ጀሪካናቸውን አዝለው ቀድመው ይደርሱ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይነሽ “የጴንጤ ውኃ አንጠጣም” ብለው ደጅ ላይ ደፉባቸው። እሳቸው ጀሪካኑን አንስተው እንደገና ሊቀዱ ወረዱ።

ከዓመታት በኋላ የወይዘሮ ጸሐይነሽ ልጅ በክረምት አረፈ። ጭቃው ለቀስተኛውን ሲያዘገይ ውኃ ይዘው የደረሱት ወይዘሮ ሸዋሉል ነበሩ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ በሰው ሁሉ ፊት ከዚያው ውኃ ቀድተው ጠጡና “ከእንግዲህ ጴንጤዋ ያልቀዳችው ውኃ ቤቴ አይግባ” አሉ። ከዚያ ወዲህ ሐዘን የገባበት ቤት ሁሉ “ጴንጤዋን ጥሩ” ይል ጀመር።

ወይዘሮ ሸዋሉል በስኳርና በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ማክሰኞ ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ማምሻውን በስልሳ አራት ዓመታቸው ወደ ጌታ ተሰበሰቡ። ትናንት ንጋት ላይ ልጃቸው ፍሬሕይወት ሰው አይወጣም ብላ አስከሬን የሚጭን መኪና ስታፈላልግ፣ ጥሩምባው ተሰማ። ነፊው አቶ ወንድምአገኝ “ጴንጤያችን አርፋለችና ውጡ፤ ያልሰማህ ስማ” እያሉ መንደሩን ዞሩ። እድሩ ድንኳኑን ተከለ። ሙስሊሙ ጎረቤታቸው አቶ ሱለይማን ከልጆቻቸው ጋር መቃብሩን ቆፈሩ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ጉልበታቸውን እያመማቸው ውኃ ቀዱ።

ወይዘሮ ሸዋሉል ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። እናንተን የወጣችሁትን ሁሉ ቀባሪ አያሳጣችሁ። በሰው ደጅ ቀድመው ይደርሱ የነበሩትን እናታችንን፣ ጌታ በደጁ ቆሞ ይቀበልልን።